ቀይ አንድ ቋጠሮ፣ አረንጓዴ ሁለት

የእትዬ አትጠገብ ልጅ ደሳለኝ በማለዳ ደውሎ «እማዬ ትንሽ ደከም ብላለች፤ ከተመቸሽ ብቅ በይ» ሲለኝ፣ ስልኩን ሳልዘጋ ጥቁር ሻሼን በዓይኔ መፈለግ ጀመርኩ። በእኛ አገር በማለዳ ተደውሎ «ትንሽ ደከም ብላለች» የተባለ ሰው አይተርፍም። መርዶ በስልክ አይነገርማ። «እሺ፣ ዛሬውኑ እመጣለሁ» አልኩት። እንደገባኝ ገብቶታል፤ ሁለታችንም ግን ምንም እንዳልተባለ ሆነን ተሰነባበትን።

ከደብረ ታቦር ተነስተን ሐሙሲት እስክንደርስ እንባዬን በነጠላዬ ጫፍ ስጠርግ፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት «ምነው እህቴ፣ ምን ሆንሽ?» አለችኝ። «አቧራ ገብቶብኝ ነው» አልኳት። የሚኒባሱ መስኮቶች ሁሉም ዝግ ነበሩ። ለማላውቀው ሰው ሐዘኔን አላወጣም፤ ምን እንደሚያደርግበት አይታወቅም። እትዬ አትጠገብም ቢሆኑ እንደዚያው ነበር የሚመልሱላት። ምናልባት የተግባባነው ለዚህ ይሆናል፤ ተግባብተን ነበር ከተባለ።

ያወቅኋቸው ከዓረብ አገር ተመልሼ ደብረ ታቦር ውስጥ አንድ ክፍል ቤት ስፈልግ ነው። እብናት ያሉት ወላጆቼ «እዚሁ እኛ ዘንድ ሁኚ» ብለውኝ ነበር፤ እኔ ግን በሰው ቤት ያን ሁሉ ዓመት የለፋሁት የልብስ ስፌት መኪና ገዝቼ በራሴ በር ላይ ለመቀመጥ ነበር። የእትዬ አትጠገብ ግቢ መንገድ ዳር ነው። ባላቸው ሞተዋል፤ አንድ ልጃቸው ደሳለኝ ባሕር ዳር ነው የሚኖረው። እሳቸው ደግሞ በጥልፍ የታወቁ ሴት ናቸው። በከተማዋ ስንት ሙሽራ የእሳቸውን መስቀል ደረቷ ላይ አድርጋ ከአባቷ ቤት ወጥታለች።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጠረጠርኳቸው። በወጣሁ በገባሁ ቁጥር ቦርሳዬ ሲበረበር ስለኖርኩ፣ ከዚያ አገር ከሻንጣዬ ጋር ጥርጣሬም ይዤ ተመልሻለሁ። ሴትዮዋ ሲያነጋግሩኝ ፊቴን አያዩም፤ ከጆሮዬ አጠገብ ያለውን አየር ነው የሚያዩት። ያመጣሁትን ዕቃ ሁሉ በእጃቸው ይዳብሳሉ። ጠዋት ጠዋት በርጩማቸውን ደጃፋቸው ላይ አድርገው፣ ጆሯቸውን ወደ እኔ ክፍል አዙረው ይቀመጣሉ። «ይሰልሉኛል» አልኩ። ሽንት ቤት ስሄድ እንኳ በሬን መቆለፍ ጀመርኩ።

እሳቸውም አልማሩኝም። በራቸውን ባንኳኳሁ ቁጥር ምርመራ ነበር።

«ማነሽ?»

«እንጉዳይ ነኝ።»

«የትኛዋ እንጉዳይ?»

«የተከራየሁት ነኛ፣ እትዬ።»

«እሱንማ ማንም ይላል። አሳላሚኝ እስቲ።»

እጄን ይይዙና በመርፌ የተወጋጋውን የጣቴን ጫፍ በአውራ ጣታቸው አሸት አሸት ያደርጉታል። ከዚያ በኋላ ነው «ግቢ» የሚሉኝ። እኔም ቀለበት እየፈለጉ ነው ብዬ እጄን ቶሎ እስብ ነበር።

ነገሩ የወጣው አንዲት የሙሽራ እናት ቀሚስ ልትወስድ በመጣች ቀን ነው። እትዬ አትጠገብ «ይኸው አልቋል» ብለው ከበርጩማው ሲነሱ ነጩ ቀሚስ አብሯቸው ተነሳ። የሙሽራዋን ቀሚስ ከራሳቸው ቀሚስ ጋር አብረው ሰፍተውታል። ሴትዮዋ ሳቀች። «እትዬ፣ ዛሬስ ራስዎንም ሊድሩ ነው እንዴ?» አለች።

«ዘርፉ እንዴት እንደሚወድቅ ልይ ብዬ ነው። ነገ ነይ» አሉና ተቀመጡ። ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም። እኔ ግን ጣቶቻቸው ስፌቱን በዳበሳ ሲፈልጉ አየሁ።

ሴትዮዋ ስትሄድ መቀሴን ይዤ አጠገባቸው ተንበረከክሁና ስፌቱን መፍታት ጀመርኩ። እጄን ጨብጠው ያዙኝ።

«ምን አየሽ?»

«ምንም።»

«ምንም ያላየሁትስ እኔ ነኝ። አንቺ ምን አየሽ?»

እንዲህ ሆኖ ነገሩኝ። መጀመሪያ ዳር ዳሩ ነበር የጨለመባቸው፤ ከዚያ መሐሉም ተከተለ። አሁን የሚያውቁት ፀሐይና ጥላውን ብቻ ነው። ጎረቤታችንን ወይዘሮ ዘርፌን ነበር የሚጠረጥሩት። «አንድ ቀን ጥልፌን አንስታ ‹ወይ እጅ፣ ወይ ዓይን› አለች፤ እንትፍ እንኳ ሳትል። ከዚያ ወዲህ ነው» አሉኝ። ለምኜ ለምኜ ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው። የዓይን ግፊት ነው፤ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን ግን በጠብታ ማቆየት ይቻላል ተባለ። ስንወጣ «ሐኪሙ ልጅ ነው አይደል? ድምፁ ገና አልበሰለም» አሉ። ቢሆንም ጠብታውን አልተዉም፤ ጠበሉንም አልተዉም። ማንኛው እንደሚያቆያቸው እንዳይታወቅ ሁለቱንም ይዘው ቀጠሉ።

ለማንም እንዳልናገር በማርያም አስማሉኝ። ፍርሃታቸው ልጃቸው ነበር። ደሳለኝ አባቱ ከሞቱ ጀምሮ «እማ፣ ዓይንሽ ደከም ያለ ዕለት እወስድሻለሁ» ይላቸዋል።

«ወስደው ኮንዶሚኒየም ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ያስቀምጡኛል» አሉኝ። «ሚስቱ ሰናይት ደግ ናት፤ ክፋቷ ደግነቷ ነው። ‹ይረፉ እማማ፣ ይረፉ እማማ› እያለች እጄን ታደርቀዋለች። እኔ እጄ ላይ ጨርቅ ከሌለ ቀኑ አይመሽልኝም። ዓይኔን እግዜር ወሰደ፤ እሺ፣ የሰጠም እሱ ነው። መርፌዬን ግን የሰጠኝ እሱ አይደለም፤ እናቴ ናት።»

ተሳድበው ሲያበቁ አማተቡ። ያን ቀን ነው የወደድኳቸው፤ ማመኑ ገና ቢሆንም።

ከዚያ በኋላ ሁለታችን አንድ ዘዴ አወጣን። ጠዋት የስፌት መኪናዬን ከመክፈቴ በፊት መርፌዎቹን ሁሉ ክር እሰካላቸውና በጥጥ በጠቀጠቅናት ትንሽ የመርፌ ትራስ ላይ እደረድራለሁ። ቀለሙን በክሩ ጫፍ ላይ በቋጠሮ እለይላቸዋለሁ፤ ቀይ አንድ ቋጠሮ፣ አረንጓዴ ሁለት፣ ቢጫ ሦስት፣ ጥቁር ባዶውን። የመስቀሉን ቅርጽ ደግሞ በወፍራም ክር ሰፋ ሰፋ አድርጌ ጨርቁ ላይ እሰፋላቸዋለሁ። እሳቸው ያን ጉብ ጉብ ያለውን መንገድ በግራ ጣታቸው እየተከተሉ በላዩ ይጠልፋሉ። ሲጨርሱ ወፍራሙን ክር ስቤ አወጣዋለሁ። መርፌ ሲወድቅባቸው እንዳይወጋቸው ከተበላሸ ሬዲዮ ማግኔት አውጥቼ በጨርቅ ጠቀለልኩላቸው፤ መሬቱን በእሱ ዳበስ ሲያደርጉት መርፌው ራሱ ይመጣል።

ታዲያ ይህን ሁሉ ሳደርግ እንዳመኑኝ እንዳይመስላችሁ። «ምን ፈልገሽ ነው?» ይሉኝ ነበር፣ ክር እየሰካሁ። «ቤቱን ከሆነ ወራሽ አለው።» አንድ ቀን ደግሞ በተቀመጥኩበት አንድ ጥቅል ክር አቀብለውኝ «ይኼ ምን ቀለም ነው?» አሉኝ። አረንጓዴ ነው አልኳቸው። ከሰዓት በኋላ ወተት ያመጣችውን ሴት ያንኑ ጥቅል «ይኼ ቀለም ለዕድሜሽ ይሆንሻል?» እያሉ አዋዝተው ሲጠይቋት ሰማሁ። «አረንጓዴ መቼ ይጠላል» አለቻቸው። ተናደድኩ።

«እትዬ፣ ይፈትኑኛል እንዴ?»

«እፈትንሻለሁ እንጂ። አንቺ ሽንት ቤት ስትሄጂ በርሽን የምትቆልፊው ለማን ነው? እዚህ ግቢ ውስጥ እኔና አንቺ ነን ያለነው።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ በሬን ገርበብ አድርጌ መተው ጀመርኩ፤ ቁልፉን ግን ይዤ ነበር የምሄደው።

በአዲሱ ዘዴ የጨረሱትን የመጀመሪያውን መስቀል አልረሳውም። ጭናቸው ላይ ዘርግተው ከላይ እስከ ታች፣ ከቀኝ እስከ ግራ በጣታቸው ሄዱበት። ደግመው ሄዱበት። ጥርሳቸው ታየ፤ ያን ያህል ሲስቁ አይቼ አላውቅም።

«ጠሟል?» አሉኝ።

«ትንሽ ወደ ግራ።»

«ግራ ለማን? ለእኔ ነው ለለባሿ?»

«ለለባሿ።»

«እንግዲያማ ልቧ ላይ ነው፤ ተይው።»

እንዲህ እያልን አንድ ክረምት አሳለፍን፤ በጋውም ገባ። የሙሽራ ቀሚስ እየመጣ፣ ዘርፍ እየተቋጨ፣ ሰው ሳያውቅብን። ሰው ግን ዝም ብሎ አይተኛም። ወይዘሮ ዘርፌ «ከዓረብ አገር የመጣችዋ ጠዋት ጠዋት እትዬ ቤት ገብታ ምን ትሠራለች?» ማለቷን ሰማሁ። ለእትዬ አልነገርኳቸውም።

ወሩ በገባ በሃያ አንድ የማርያም ማኅበር በእሳቸው ቤት ነበር። ደሳለኝና ሰናይት ለዝግጅቱ ከዋዜማው መጡ። እትዬ ሰው በሞላበት ቤታቸው ውስጥ እንደ ዓይናማ ይንቀሳቀሱ ነበር፤ የእያንዳንዱ ዕቃ ቦታ በእጃቸው ነው። እኔ ወጥ ቤት በጭስ ውስጥ ሆኜ፣ አሁን ተደናቀፉ፣ አሁን ተደናቀፉ እያልኩ በበሩ አሾልቅ ነበር። አልተደናቀፉም። የንስሐ አባታቸው መምሬ ጥበቡ ዳቦውን ባርከው ቆረሱ፤ ጽዋውም ዞረ። ደህና አለፈ አልኩ።

በዚህ መሐል ሰናይት ተጨማሪ ምንጣፍ ልታወጣ ጓዳ ገባች። ስትወጣ ምንጣፍ አልያዘችም። በሁለት እጇ ሰፌድ ይዛለች፤ ከሰውነቷ አርቃ ነው የያዘችው። ሰፌዱ ላይ የመርፌ ትራሷ አለች፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ጥቁር ክር ተንጠልጥሎባታል፣ ጫፍ ጫፉ ተቋጥሯል። አጠገቧ በጨርቅ የተጠቀለለ ጥቁር ድንጋይ፣ መርፌ እንደ ጉንዳን ተጣብቆበት።

በር አጠገብ የነበሩት ሴቶች ቀሚሳቸውን ሰብስበው ሸሽ አሉ።

«ይህን ከእማማ አልጋ ሥር ነው ያገኘሁት» አለች ሰናይት። እውነቷን ነበር የፈራችው፤ አንዳች ክፋት አልነበረባትም። «ማን ነው ያስቀመጠው?»

«ኧረ በማርያም!» አለች አንዷ። ወይዘሮ ዘርፌ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «ክር ቋጥሮ፣ መርፌ ሰክቶ ከሰው አልጋ ሥር ማኖር የደህና ሰው ሥራ አይደለም» አለች። «የሰው ልብ ነው በዚህ የሚታሰረው። ልብ ከታሰረ ደግሞ ቤት ማስጻፍ ምን ይገዳል።»

ማንም ስሜን አልጠራም። ሁሉም ግን ወደ እኔ ዞረ። ባል የለኝ፣ ዘመድ በከተማው የለኝ፤ ከየት እንደመጣሁ እንጂ እዚያ ምን ስሠራ እንደኖርኩ የሚያውቅ የለም። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን እኔን ነበር የምጠረጥረው። ደሳለኝ ቀስ ብሎ ተነሳ። «እንጉዳይ፣ ይኼ ነገር ያንቺ ነው?» አለኝ።

በማርያም ምያለሁ፤ ዕለቱም ማርያም ነው። ልናገር ብልስ እሳቸው «ውሸቷን ነው፣ አያለሁ» ቢሉ ማን ያምነኛል? ወደ እትዬ አትጠገብ አየሁ። በመደባቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ ጽዋው በእጃቸው ነው። ዝም ካሉ የምባረረው እኔ ነኝ፤ እሳቸው ቤታቸውም መርፌያቸውም ይቀርላቸዋል። ከተናገሩ ባሕር ዳር ናቸው። ዝም አሉ። ጽዋውን በጣታቸው አዞር አዞር አደረጉት። «አዎ፣ ይተዉኛል» አልኩ በሆዴ። ከልቤ አምኜ ነበር ያልኩት። መምሬ ጥበቡን አየሁ፤ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለዋል። እሳቸው በንስሐ ሰምተው ሁሉን እንደሚያውቁ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ከእሳቸውም የሚወጣ ቃል አልነበረም።

«ሰናይት» አሉ እትዬ በመጨረሻ። «ያን ነገር ወዲህ አምጪው።»

«አይንኩት እማማ፤ መጀመሪያ መምሬ ይጸልዩበት።»

«አምጪው አልኩሽ።»

ሰፌዱን ጭናቸው ላይ አደረገችላቸው። አንድ መርፌ መዘዙና ክሩን በሁለት ጣታቸው እስከ ጫፉ ሳቡት። «አንድ ቋጠሮ። ቀይ ናት» አሉ። ሌላ መዘዙ። «ሁለት። አረንጓዴ።» ሌላ። «ይቺ ምንም የላትም፤ ጥቁር ናት።» ከዚያ ቀና ብለው ማንም ወዳልቆመበት ወደ ግድግዳው ተናገሩ።

«ሰናይትዬ፣ አሁን በየት በኩል ነሽ?»

«እዚህ ነኝ፣ በቀኝዎ።»

«አየሽ፣ እኔ በዚያ በኩል ያለሽ መስሎኝ ነው። ዓይኔ ጠፍቷል ልጄ። ከጠፋ ቆየ። ድንጋዩም ማግኔት ነው፣ የወደቀ መርፌ የምለቅምበት። ክሩን የቋጠረችልኝ እንጉዳይ ናት፣ በልመናዬ። እንዳትናገር ያስማልኳትም እኔ ነኝ። እዚህ ቤት ሰው ያታለለ ካለ እኔ ነኝ፤ የሚያይ ሰው መስዬ።»

ሰናይት ሰፌዱ አጠገብ ቁጭ ብላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች። ደሳለኝ እናቱ አጠገብ ተንበረከከ።

«እማ፣ ለምን አትነግሪኝም?»

«ብነግርህ ትወስደኛለሃ።»

«እወስድሻለሁ እንጂ። ምድጃ ውስጥ እስክትወድቂ ልጠብቅ?»

«አውቃለሁ» አሉ። «እሄዳለሁ። ግን ሰናይት ክሩን መቋጠር ትማራለች። ይኸው በማኅበሩ ፊት ተናገርኩ፤ እሷ ካልቋጠረችልኝ ከዚህ ቤት በሬሳዬ ነው የምወጣው።»

ሁሉም ሰናይትን አየ። እጇን ከነጠላዋ ሥር ደበቀች። መምሬ ጥበቡ መስቀላቸውን አውጥተው ሰፌዱን ባረኩና «በስመ አብ በይና ቋጥሪው ልጄ» አሏት። «ሰይጣን በቋጠሮ ሾልኮ አይገባም፤ ሐሜት ሰፊ በር ከፍቶለታል።» ወይዘሮ ዘርፌ ጽዋዋ ውስጥ አንድ ነገር የወደቀባት ይመስል ታየው ጀመር።

ሰናይት በስመ አብ ብላ ቀዩን ክር ቋጠረች። እትዬ ተቀብለው በጣታቸው ሄዱበት። «ላልቷል፤ አጥብቂው» አሉ።

ሰው ሲወጣ እኔ ግቢ ውስጥ ብርሌ አጥባለሁ፤ እሳቸው በርጩማቸው ላይ ናቸው። ሲያቃጥለኝ የዋለውን ጠየቅኋቸው።

«እትዬ፣ ዝም ቢሉ ኖሮ እኮ ቤትዎ አይዘጋም ነበር። እኔ ሌላ ቦታ እከራይ ነበር።»

«ታዲያ አንቺን ካባረሩብኝ ክሩን ማን ይቋጥርልኛል?» አሉ። «ለራሴ ብዬ ነው። ሌላ ነገር እንዳይመስልሽ።»

አመንኳቸው። እውነቱን ልናገርና ትንሽ ቅር አለኝ። በሰው ፊት ለእኔ ሲሉ የተናገሩ መስሎኝ ሆዴ ባብቶ ነበር።

በሳምንቱ ደሳለኝ መጥቶ ወሰዳቸው። ግቢውን እንድጠብቅ እኔን ተዉኝ። ባሕር ዳርም ሆነው መርፌያቸውን አልጣሉም። እኔ ግን ሰናይት እንዳትደብቅባቸው እየጠረጠርኩ ቶሎ ቶሎ እደውል ነበር። እሷ «እየሰፉ ነው» ስትለኝ አላምናትም፤ «ለራሳቸው ስጪልኝ» እላታለሁ። እሳቸው ስልኩን ይቀበሉና «ይቺ ልጅ ቢጫ ታበዛብኛለች» ብለው ያማርራሉ፤ ያን ጊዜ ልቤ ያርፋል። ሄጄም አየሁ። ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ፣ ፀሐይዋን ፊታቸው ላይ አድርገው፣ የጎረቤት ሴቶች ነጠላቸውን ይዘው ዙሪያቸውን ተቀምጠው ነበር። ዛሬ ለቅሶ ቤቱ ስደርስ ደሳለኝ እንደነገረኝ፣ የመጨረሻዋን መርፌ ከትራሷ የመዘዙት ከመሞታቸው በፊት በነበረው ሳምንት ነው።

ዛሬ መንገድ ላይ ያስለቀሰኝ ግን ወደ ባሕር ዳር በሄዱ ማግስት የገባኝ ነገር ነው። ጠዋት ተነስቼ ሳላስበው ቀይ ክር አንስቼ ቋጠርኩ፤ የምሰጠው ሰው ግን አልነበረም። ክሩን እንደያዝኩ ቆምኩ። የማኅበሩ ቀን አፋቸውን ሲከፍቱ ወደ ባሕር ዳር እንደሚወሰዱ ያውቁ ነበር። እዚያ ደግሞ እኔ የለሁም። ዝም ብለው ቢሆን ኖሮ እኔ እባረራለሁ እንጂ እሳቸው በቤታቸው ይቀሩና በወር አንዲት ልጅ ቀጥረው ክር ያስቋጥሩ ነበር። የተናገሩት ለክሩ አይደለም። «ለራሴ ብዬ ነው» ያሉኝ ውሸታቸውን ነው። ሰዉን ሁሉ ስጠረጥር የኖርኩ ሴት፣ ያቺ አንዲት ውሸት ብቻ ሳልጠረጥራት አለፈችኝ።